የአቶ ካሣዬ ሳሎን

ፈትሂያ ሰውየውን ያወቀችው በድምፁ ነው። ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ፣ ጀርባዋን ወደ በሩ አድርጋ ተቀምጣ ሳለ «ኢንጂነር ይበልጣል የሚባለው እዚህ ነው?» ሲል ሰማች። እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። ያን ድምፅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው ገና ልጅ ሆና፣ በፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ የአባቷን እጅ ይዛ ቆማ ነበር።

ሰውየው ካሣዬ ነው። የአሸዋና የድንጋይ ነጋዴ ነበር፤ ገልባጭ ማኪኖቹ ከአዘዞ እስከ ድብ ባሕር የማይደርሱበት ግንባታ አልነበረም። የፈትሂያ አባት አብዱልመናን ደግሞ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው ፀዳ ላይ ሰፊ ቦታ ነበረው። ሲያረጅ ከገበያው ጫጫታ ወጥቶ እዚያ ቤት ሠርቶ ሊቀመጥ ያስብ ነበር። የቦታው ጎረቤት ካሣዬ ነበር።

አብዱልመናን ለሐጅ መካ በሄደበት ጊዜ ቀያሾች መጡ። ካሣዬ ቀያሾቹ ከመድረሳቸው በፊት አጥሩን ነቅሎ ወደ ጎረቤቱ ቦታ ገፋውና ሦስት ሽማግሌዎች አቁሞ «ወሰኑ ከጥንትም እዚህ ነበር» አስባለ። አብዱልመናን ሲመለስ በምሥራቅ በኩል የቀረለት አንድ ጠባብ ቁራጭ ብቻ ነው። ከሰሰ። ተረታ። የተረታ ዕለት ካሣዬ ከችሎት ወጥቶ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሐጂ፣ እርስዎ ጨርቅዎን ይለኩ፤ መሬቱን እኛ እንለካለን» አለ። ሰው ሳቀ።

ይህ ቃል ጎንደር ላይ ለአንድ ሙስሊም ነጋዴ ምን እንደሆነ የአገሬው ሰው ያውቀዋል። የአንድ ሰው ስድብ ሳይሆን፣ ሙስሊም ነግዶ ይብላ እንጂ መሬት አይያዝ ከተባለበት ከአያት ከቅድመ አያት ዘመን የመጣ ቁስል ነው። አብዱልመናን የልጁን እጅ ጠበቅ አድርጎ ይዞ፣ ታክሲ ሳይጠራ፣ በእግሩ እስከ ሠፈሩ እስከ አዲስ ዓለም ድረስ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ፀዳን ዳግም አልረገጣትም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ሞተ። ሐኪሙ «ስኳር ነው» አለ፤ ሚስቱ ወይዘሮ መዲና ግን ሐኪሙን አላመነችውም።

አሁን ካሣዬ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ቦርጩ ቀድሞት፣ ቢሮው መሀል ቆሟል።

ይበልጣል ወንበር ሳበለት። ይበልጣል አርክቴክት ነው፤ ቢሮው ፒያሳ አንድ ፎቅ ላይ ነበር። ፈትሂያን ትምህርቷን እንደጨረሰች የቀጠራት እሱ ነው። የእሷ ሥራ ያልተሠራን ቤት እንደተሠራ አድርጎ ማሳየት ነበር፤ ይበልጣል በመስመር የነደፈውን ሳሎንና መኝታ ቤት በኮምፒውተር ገንብታ፣ ዕቃ አስገብታ፣ ብርሃን ሰጥታ፣ ፎቶ የመሰለ ሥዕል ታወጣለች። ደንበኛ ፕላን ማንበብ አይችልም፤ ሥዕሉን ግን አይቶ ይወስናል።

«ከእንግዲህ ሌላ ቤት አልሠራም፤ የመጨረሻዬ ነው» አለ ካሣዬ። «ፀዳ ላይ ነው። ሳሎኑን ሰው አይቶ አፉን እንዲይዝ እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ወደ ፈትሂያ አየት አደረገ። ሻሿን አየ። «አንቺስ የማን ልጅ ነሽ?»

«የአብዱልመናን።»

«የቱ አብዱልመናን? የሐጂው? የጨርቅ ነጋዴው?» ፊቱ በደስታ ፈካ። «አዪ! ነፍሱን ይማረው፤ ሸጋ ሰው ነበር። እኔና አባትሽ እኮ ጎረቤት ነበርን። እንዲህ አደግሽ? ከእንግዲህ ልጄ ነሽ በይ።»

ፈትሂያ ፊቱ ላይ አንዳች ነገር እስኪታይ ጠበቀች። የዓይን መስበር፣ የድምፅ መቆራረጥ፣ የሆነ ነገር። ምንም አልመጣም። ሰውየው እያስመሰለ አልነበረም፤ ረስቶታል። እሷ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ስትተኛም ስትነሣም ይዛው የኖረችውን ነገር፣ እሱ እንደ ትናንት ምሳ ረስቶታል። ቢያፍር ኖሮ ምናልባት ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር።

ይበልጣል የቦታውን ንድፍ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። መንገዱ በሰሜን ስለሆነ አቧራና የማኪና ጩኸት አለ። ካሣዬ ጣቱን ምሥራቁ ላይ አሳረፈ። «ሳሎኑ ወደዚህ ይዙር። ከወለል እስከ ኮርኒስ መስተዋት። ጠዋት ፀሐይ ትግባልኝ፣ ተረተሩም ይታየኝ።»

«አቶ ካሣዬ» አለ ይበልጣል፣ «ከአጥሩ ማዶ ያለው ቦታ የሌላ ሰው ነው። ነገ ቢሠራበትስ? መስኮት የሌለው ግድግዳ ከሆነ ወሰኑ ድረስ አስጠግቶ መሥራት ይፈቀድለታል። ያኔ ሳሎንዎ ይጨልማል።»

«ማን ነው የሚሠራው? አንዲት ባልቴትና እህል የሚነግድ ልጇ ናቸው። ወይ ለኔ ይሸጡታል፣ ወይ ጎመን ይተክሉበታል።» ካሣዬ ወደ ፈትሂያ ዞሮ ሳቀ። «አይደለም እንዴ፣ የሐጂ ልጅ?»

«እኔ የውስጡን ሥዕል ነው የምሠራው» አለች ፈትሂያ። «የቦታውን ነገር እናቴ ናት የምታውቀው።»

ይበልጣል ንድፉን ጠቀለለ። ካሣዬ ሲሄድ «ሁለት አማራጭ እናሳየው» አላት። «አንዱ እሱ እንዳለው። ሌላው ምሥራቁ ትንንሽ መስኮት ኖሮት፣ ብርሃኑን ከምዕራቡ ከራሱ ግቢ የሚያገኝ። ሁለተኛውን እንዲመርጥ እፈልጋለሁ። በደንብ ሥሪልኝ።»

ያን ሳምንት ወንድሟ ሙስዓብ ከቆላ ድባ መጣ። ከደንቢያ ጤፍና ሽምብራ እየገዛ ጎንደር የሚያራግፍ ነጋዴ ነው፤ መጋዘን የሚሠራበት ቦታ ሲፈልግ ከርሟል። እራት ከበሉ በኋላ እናታቸው ልትሰግድ ስትነሣ ፈትሂያ የቢሮዋን ላፕቶፕ ከፈተች።

«ይህ ካሣዬ ሊሠራው ያለው ሳሎን ነው» አለችው።

ሙስዓብ ስሙን ሲሰማ አንገቱ ተገተረ። «ለእሱ ነው የምትሠሪው? ምነው? ሌላ ሥራ ጠፋ?»

«ዝም ብለህ እይ።»

ሰፊ ሳሎን ነበር። ምሥራቁ በሙሉ መስተዋት ነው። የጠዋት ፀሐይ ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች፤ ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ ኮርኒሱ ሳይቀር በብርሃን ተሞልቷል። ሙስዓብ ምራቁን ዋጠ። «ያምራል» አለ እንደ መራራ ነገር።

ፈትሂያ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ያው ሳሎን፣ ያው ሶፋ፣ ያው ሰዓት። ግን ከመስተዋቱ ማዶ ግራጫ የብሎኬት ግድግዳ ቆሟል። ሰማይ የለም፣ ተረተር የለም። ፀሐይዋ ከግድግዳው ጀርባ ቀርታለች። ከመስተዋቱ ሥር ትንሽ የደበዘዘ ብርሃን ተኝቷል፤ የክፍሉ ጥልቅ ክፍል ጨለማ ነው፤ የሶፋዎቹ ቅርጽ ብቻ ይታያል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ያንተ መጋዘን ነው» አለች። «እህል መስኮት አይፈልግም አይደል?»

ሙስዓብ ለረጅም ጊዜ ሥዕሉን አየ። ከዚያ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚያለቅስ መስሏት ነበር፤ እየሳቀ ነበር። «ወላሂ፣ ወላሂ ፈቲ» አለ። «መቼ ነው ቆፍር የምትይኝ?»

«መስተዋቱ እስኪገጠም ትጠብቃለህ። ቤቱ እስኪመረቅ። እስከዚያ ድረስ ጎመን እንተክልበታለን።»

ይበልጣል ያላትን ሁለት አማራጮች ለካሣዬ የሠራችው በዚህ ልብ ነው። ውሸት አልጨመረችም፤ በሥራዋ አንድ ነገር ቢኖር በብርሃን አለመዋሸቷ ነበር። ጀማሪዎች ሳሎን ሲሠሩ በየማዕዘኑ መብራት ይሰቅላሉ፤ ክፍሉ ጥላ የሌለው፣ እንደ ከረሜላ ሱቅ የሚያንጸባርቅ ይሆናል። እሷ መጀመሪያ መብራቱን ሁሉ ታጠፋለች። ለሶፍትዌሩ ቤቱ የሚቆምበትን አገር፣ ወሩንና ሰዓቱን ትነግረዋለች፤ ፀሐይዋም በእውን የምትቆምበት ላይ ትቆማለች። ከዚያ ብርሃኑ በመስኮት ገብቶ ወለሉን ሲመታ፣ ከወለሉ ነጥሮ የእንጨቱን ቀለም ይዞ ኮርኒሱ ላይ ሲያርፍ፣ ሶፋው ሥር ሲደርስ ሲደክም ትጠብቀዋለች። ነጭ ግድግዳ በእውነት ነጭ ሆኖ እንደማይታይ ታውቃለች፤ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይዋሳል። ማሽኑ አንዱን ሥዕል ለማስላት ቀኑን ሙሉ ይውላል። መጀመሪያ እንደ አሸዋ የሚንቀጠቀጥ ነጠብጣብ ይመጣል፤ ቀስ በቀስ ይጠራል። መብራት ከጠፋ እንደገና ከመጀመሪያው ነው።

ይበልጣል የሚፈልገውን አማራጭ፣ ትንንሽ መስኮት ያለውን፣ በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ሠራችው። ጉም የተኛበት ሰማይ፣ ጥላው የተዋጠ፣ ቀዝቃዛ ብርሃን። እውነት ነበር፤ ጎንደር በነሐሴ እንደዚያ ናት። ካሣዬ የፈለገውን ደግሞ በጥቅምት ጠዋት ሠራችው። ዝናቡ አብቅቶ አየሩ የታጠበበት፣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ እስከ ክፍሉ ጓዳ የምትዘልቅበት ሰዓት። ያም እውነት ነበር። ከአጥሩ ማዶ ባዶ ቦታ አስቀመጠች፤ በዚያን ዕለት ባዶ ነበራ።

ካሣዬ መጥቶ ሲያያቸው ይበልጣል ስለ ሁለተኛው ብዙ ተናገረ። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ነገ፣ ስለ ጥንቃቄ። ካሣዬ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያን እያየ ሰማው፤ ትንሽም ያመነታ ይመስል ነበር። ከዚያ ጣቱን የጥቅምቷ ፀሐይ ላይ አሳረፈ።

«ኢንጂነር፣ ይህ እኮ እስር ቤት ነው» አለ የነሐሴውን ሥዕል ገፋ አድርጎ። «ይህ ግን ቤት ነው። ይህን ሥዕል በትልቁ አሳትሙልኝ፤ በወርቅ ፍሬም አድርጌ ሳሎኑ ውስጥ እሰቅለዋለሁ።»

ይበልጣል ፈትሂያን አያት። እሷ አንገቷን ደፍታ ወረቀቶቹን ሰበሰበች።

ቤቱ ሁለት ዓመት ፈጀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሙስዓብ ሠራተኞች ቁራጩ መሬት ላይ ጎመን ተከሉ፣ ነቀሉ። ካሣዬ በአጥሩ ላይ ዘንበል እያለ «ሸጋ ጎመን ነው» ይላቸው ነበር። መስተዋቱ ከአዲስ አበባ በጭድ ተጠቅልሎ መጣ።

ምርቃቱ በጥቅምት ሆነ። ይበልጣልና ፈትሂያ ተጠርተው ሄዱ። ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ የታረደ ነበር፤ ካሣዬ በዚህ በኩል ቅር የሚያሰኝ ሰው አልነበረም። ጠዋት ስለነበር ፀሐይዋ በመስተዋቱ ገብታ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ፣ የወለሉን እንጨት ቀለም ኮርኒሱ ላይ አውጥታዋለች። ሥዕሉም ከሶፋው በላይ በወርቅ ፍሬም ተሰቅሏል። ሰዎች አንዴ ወደ ሥዕሉ፣ አንዴ ወደ ክፍሉ እያዩ ይገረሙ ነበር።

«አንዲት ፀጉር አልሳተችም!» ይላል ካሣዬ እጇን ይዞ በየሰዉ ፊት እያዞራት። «ልጄ ናት። የጎረቤቴ ልጅ።»

ሚስቱ እጅጋየሁ፣ ከሆስፒታል በጡረታ የወጣች ነርስ፣ በትሪ ምግብ ይዛ መጣች። ፈትሂያን ስታይ ትሪው በእጇ ላይ ትንሽ ዘንበል አለ። «እናትሽ ደህና ናት?» ብላ ጠየቀች በዝግታ። ፈትሂያ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ቤት ከአንድ ሰው በቀር ማንንም ልታስብ አልፈለገችም።

በሚቀጥለው ሰኞ ሙስዓብ መሠረት ማስቆፈር ጀመረ።

ካሣዬ መጀመሪያ አጥር መስሎት ነበር። ብረቱ ሲቆም ግን በከዘራው እየተመረኮዘ መጣ። «ምንድን ነው ይህ፣ ልጄ?»

«መጋዘን ነው፣ አያ ካሣዬ» አለ ሙስዓብ። «የእህል መጋዘን።»

«የት ድረስ ከፍ ይላል?»

«እህሉ ብዙ ነው።»

«እገዛችኋለሁ። ቦታውን ልግዛችሁ። የፈለጋችሁትን ጥሩ።»

«አይሸጥም። ወሰናችን ላይ ነን፤ መስኮት አላወጣን፣ ወደርስዎ አናይ። ምን አጠፋን?»

ካሣዬ ማዘጋጃ ቤት ሄደ። ፈቃዱ ተገኘ፣ ሕጉም ተገኘ። ያኔ ሽማግሌ ላከ። ከተላኩት ሦስት ሰዎች አንዱ በዚያን ጊዜ «ወሰኑ ከጥንትም እዚህ ነበር» ብለው ከማሉት ውስጥ በሕይወት የቀረው ነው። ሽማግሌዎቹ አዲስ ዓለም ድረስ መጥተው፣ ውኃ ቀርቦላቸው፣ ስለ ጉርብትና፣ ስለ ፍቅር፣ «አንድ ምንጭ ስለጠጡ» ሰዎች ተናገሩ። ወይዘሮ መዲና እስኪጨርሱ ሰማቻቸው። ልጆቿ ምን እንደሸረቡ የሰማችው ብረቱ ከቆመ በኋላ ነው፤ አልመረቀችም፣ አልረገመችም። አሁን ግን ነጠላዋን አስተካክላ ተናገረች።

«መሬቱን መልሱ አላልኩም» አለች። «ካሣ አልጠየቅሁም። ካሣዬ በራሱ በር ላይ ይቁም። የሠፈሩ ሰው ይሰብሰብ። ‹ወሰኑ እዚህ አልነበረም፤ ሐጂ አብዱልመናን እውነቱን ነበር› ይበል። ያን ዕለት ልጄ ግድግዳውን ወደ ኋላ ይስበዋል። በቁርዓን እምላለሁ።» ከዚያ በዚያ አሮጌ ሽማግሌ ላይ ዓይኗን ተከለች። «አያ ወልደ ገብርኤል፣ እርስዎም አብረውት ይቁሙ።»

ወልደ ገብርኤል ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከሁሉ ቀድሞ ተነሥቶ ወጣ።

መልሱ በማግሥቱ መጣ። ካሣዬ «እኔ በስተርጅናዬ ለጨርቅ ነጋዴ ሚስት ስል በር ላይ አልቆምም» ብሏል ተባለ። ሙስዓብ ሲሚንቶ አራገፈ።

ግድግዳው በየቀኑ አንድ አንድ ረድፍ ጨመረ። ፈትሂያ ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቷ በፊት፣ ታክሲ ይዛ ፀዳ ትወርድ ነበር። በመንገዱ ማዶ ቆማ፣ ጥላው በመስተዋቱ ላይ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ታያለች። መጀመሪያ ወለሉ ጠፋ። ከዚያ ሶፋዎቹ። በመጨረሻ ኮርኒሱ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የካሣዬ ሳሎን ውስጥ አምፖል ሲበራ አየች። ደስ አላት። አፏ ውስጥ ጣዕም እንዳለው ነገር ደስ አላት፤ ቢሮ እስክትደርስ ፈገግታዋን መሰብሰብ አቃታት።

ካሣዬ ግን ቢሮ መጥቶ ጮኸ። ይበልጣልን ሌባ፣ አታላይ፣ የጠላቶቹ ተቀጣሪ ብሎ ሰደበው፤ በመላ ጎንደር ስሙን እንደሚያጠፋው ነግሮት ሄደ። ይበልጣል በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

«ታውቂ ነበር?» አላት።

«አውቅ ነበር።»

«ትንሹን መስኮት እንዲመርጥ ስለምነው አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር።»

«አዎ። የነሐሴውን ሰዓት የመረጥኩት እንዳይመርጠው ነው።»

ይበልጣል ለመቆጣት የሚሞክር ሰው መሰለ፤ አልቻለም። ደግ ሰው ነበር። «እሱን ጠልተሽ እኔን ለምን?» አለ። «ንድፉ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው፣ ፈትሂያ። የአባትሽን ነገር ብትነግሪኝ ኖሮ ሥራውን አልቀበልም ነበር። ለዚያ ብለሽ ነው ያልነገርሽኝ?»

«ለዚያ ነው» አለች።

በዚያኑ ቀን ዕቃዋን ይዛ ወጣች። ደረጃው መሀል ቆማ ወደ ቢሮው በር ዞራ አየች፤ ከዚያ ወረደች። የይበልጣል ደንበኞች በሚቀጥሉት ወራት አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቢሮ ሄዱ። ብዙ ጊዜ ስልክ ልትደውልለት አስባ፣ የምትለውን አጥታ ተወችው።

ቤቷ ሆና ለሌሎች ቢሮዎች ሥዕል መሥራት ጀመረች። ክረምቱ እንደ ወጣ አንድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እጅጋየሁ ነበረች፤ ብቻዋን። ወይዘሮ መዲና በሩን ከፍታ ለአፍታ ቆመች፤ ከዚያ አሳለፈቻት።

እጅጋየሁ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ልለምናችሁ አልመጣሁም» አለች። «አጥሩ ሲነቀል እቤት ነበርኩ። በመስኮት አይቻለሁ። ሲምሉም ቡና ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ሐጂ ሲሞት ለቅሶ ልመጣ ፈልጌ እግሬ እምቢ አለኝ።»

እጅጋየሁ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች።

«ካሣዬ ከሳሎኑ አይወጣም። በምዕራብ ያለው ክፍል ይሻላል ስለው ‹ተሸነፈ ይሉኛል› ይላል። ጨለማውን ታቅፎ ይውላል። ይዋል፤ የመረጠው ነው።» ወደ ፈትሂያ ዞረች። «እኔ ግን በጓዳ በኩል ያለችኝ አንዲት ክፍል ናት። እዚያ ነው የምሰፋው፣ የማነብበው። መስኮቷ እንደ እፍኝ ናት። ልታሰፊልኝ ትችያለሽ? ለሳሎኑ አይደለም። ለኔ።»

ፈትሂያ እናቷን አየች። ወይዘሮ መዲና ትከሻዋን ነቀነቀች። «ሥራሽ ነው» አለች።

ሄደች። መብራት የጠፋበት ቀን ነበር። ወደ ጓዳው ለማለፍ በሳሎኑ በር መሄድ ግድ ነበር። ካሣዬ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፊቱን ወደ መስተዋቱ አድርጎ ተቀምጧል። ከመስተዋቱ ማዶ የመጋዘኑ ብሎኬት ክንድ በማትሞላ ርቀት የቆመ ይመስላል። ከጭንቅላቱ በላይ የጥቅምቷ ሥዕል በወርቅ ፍሬሟ ውስጥ ደብዝዛ ትታያለች። ክፍሉ ለሙስዓብ ካሳየችው ሁለተኛ ሥዕል ጋር አንድ ነበር፤ ያልጠበቀችው ሽታውን ብቻ ነው፤ የታፈነ፣ የእርጥብ ምንጣፍ ሽታ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ፈትሂያ።»

ካሣዬ ጋቢውን ሰበሰበ። «ሥዕሉን ስትሠሪ ይህ ግድግዳ እንደሚመጣ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ልጄ ብዬሽ ነበር።»

«አባቴንም ጎረቤቴ ብለውት ነበር።»

ካሣዬ ከዘራውን ወለሉ ላይ አንከባለለው። ሚስቱ ከኋላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ካሣዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ። «ወስጃለሁ። እግዜር ያውቃል፣ ከቦታችሁ ወስጃለሁ። አጥሩን ራሴ ነኝ የነቀልኩት። ይኸው፣ ነገርኩሽ። አሁን ወንድምሽን ግድግዳውን ዝቅ አድርግ በይው።»

ፈትሂያ ይህን ቃል በልጅነቷ በሕልሟ ሰምታዋለች። በሕልሟ ግን አባቷ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

«ለኔ አይደለም የሚነገረው» አለች።

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ያን ቀን ለሳቁት።»

«በር ላይ ቆሜ? የሠፈር ሰው ሰብስቤ?» ድምፁ እንደ ድሮው ወፈረ። «ካሣዬ ይህን አያደርገውም!»

«እንግዲያው እዚሁ ይቀመጡ» አለች ፈትሂያ።

ወደ ጓዳው አልፋ የእጅጋየሁን ክፍል ለካች። እጅጋየሁ የሜትሩን ጫፍ ያዘችላት፤ ሁለቱም አልተነጋገሩም። በዚህ ጊዜ ፈትሂያ በምዕራብ በኩል ያሉትን ጎረቤቶች ሁሉ ቤት፣ ዛፍና ባዶ ቦታ ሳይቀር ዞራ አየች፤ ማን ምን ሊሠራ እንደሚችል ጠየቀች። መስኮቱ ከወር በኋላ ተከፈተ። እጅጋየሁ ከሰዓት በኋላ እዚያ ተቀምጣ እንደምትሰፋ ሰው ነገራት፤ ፈትሂያ ግን ሄዳ አላየችውም።

የለካች ዕለት ቤቷ ስትመለስ ወይዘሮ መዲና ምስር እየለቀመች ነበር። ፈትሂያ ከአጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«እማ፣ ‹ወስጃለሁ› አለኝ» አለች። «በአፉ። ‹አጥሩን ራሴ ነኝ የነቀልኩት› አለ።»

የእናቷ ጣቶች ቆሙ። «ማን ሰማው?»

«እኔና ሚስቱ።»

«ሌላ ሰው?»

«ሌላ የለም።»

ወይዘሮ መዲና ሰፌዱን አየች። ዓይኗ ረጥቦ ነበር፤ ድምጿ ግን አልተለወጠም።

«እንግዲያው ገና አልተባለም» አለች። ጠጠሩን ከምስሩ ለይታ ወረወረችና «ሙስዓብን ጥሪው፤ እራት ደርሷል» አለች።